ካርዱ እምቢ ሲል፦ የ«ዉኮሜርስ ሰብስክሪፕሽንስ» ሂሳዊ ዳሰሳ

ለኦንላይን ሱቁ የደንበኝነት ክፍያ ሶፍትዌር ሊመርጥ የተነሳ ነጋዴ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚመዝነው ከመግቢያው ነው። የምዝገባው ገጽ ያምራል? ካርድ ለማስገባት ስንት ጊዜ መጫን ያስፈልጋል? ዋጋው ስንት ነው? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ የሶፍትዌር ሻጮችም ማሳያቸውን የሚያሰማምሩት ለእነዚሁ መልስ እንዲሆን ነው። የዚህ ዓይነቱ ሥራ እውነተኛ ትልም ግን የሚጀምረው ደንበኛው ተመዝግቦ ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ሶፍትዌሩ ገዢም ሻጭም በሌሉበት ሰዓት ብቻውን ከሰው ሒሳብ ገንዘብ ይወስዳል። ይህን ሥልጣን እንዴት እንደሚይዘው የሚታወቀው በሁለት ትዕይንቶች ነው፦ ካርዱ እምቢ ሲልና ደንበኛው በቃኝ ሲል። በዚህ ዳሰሳ «ዉኮሜርስ ሰብስክሪፕሽንስ» የተባለውን ሥራ የማነበው ወደ እነዚህ ሁለት ትዕይንቶች እያመራሁ ነው።

ሥራው ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ ለቆመ የዉኮሜርስ መደብር የሚጨመር ፕለጊን (ተቀጥላ ሶፍትዌር) ነው። ዉኮሜርስ የወጣው በ2011 ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ይህ ፕለጊን ብዙም ሳይቆይ ፕሮስፕረስ በሚባል ትንሽ የሶፍትዌር ቡድን ተጽፎ ተከተለው። ኦቶማቲክ የተባለው ኩባንያ በ2015 ዉኮሜርስን፣ በ2019 መጨረሻ ደግሞ ፕሮስፕረስን ገዝቶ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር አደረጋቸው። ለሐያሲ የሚመች አንድ ጠባይ አለው፤ ኮዱ ጂፒኤል በተባለው የክፍት ኮድ ፈቃድ የወጣ በመሆኑ ማንም ገልጦ ያነበዋል። ቻርጅቢና ዙኦራ የተባሉትን ሌሎች የደንበኝነት ክፍያ ሶፍትዌሮች የምንመዝነው ከውጭ በሚያሳዩን መልክ ብቻ ነው። እዚህ ግን የጸሐፊዎቹን የኅዳግ ማስታወሻ፣ አልፎ አልፎም ቀልዳቸውን ሳይቀር ማየት ይቻላል።

ለንባባችን እንዲመች አንድ መደብር እናስብ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ የይርጋጨፌና የጉጂ ቡና ቆልቶ በየወሩ ለደንበኞቹ በፖስታ የሚልክ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ነው እንበል። ሠራተኞቹ ሁለት ወይም ሦስት፣ ደንበኞቹ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። የሒሳብ ክፍል የለውም፤ የሒሳብ ክፍሉ የሚሆነው ይህ ሶፍትዌር ነው።

የሥራው መዋቅር የቆመው በአንድ ትልቅ ውሳኔ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዕትሞች «ደንበኝነት» የሚባል ራሱን የቻለ ነገር አልነበረም፤ ዝርዝሩ መጀመሪያ በተገዛው ትእዛዝ ላይ ተለጥፎ ይኖር ነበር። በ2015 የወጣው ሁለተኛው ዐቢይ ዕትም ይህን አፍርሶ ደንበኝነትን የራሱ መዝገብ፣ የራሱ ቁጥርና የራሱ ታሪክ ያለው ገጸ ባሕርይ አደረገው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ደንበኝነት በሰባት ሁኔታዎች መካከል ይመላለሳል፦ ክፍያ በመጠበቅ ላይ ያለ፣ ንቁ፣ ታግዶ የቆየ፣ ሊሰረዝ የተቃረበ፣ የተሰረዘ፣ ዘመኑ ያለቀና ወደ ሌላ የተቀየረ። ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር በመዝገቡ ላይ ቀኑን የያዘ ማስታወሻ ይጻፋል። በየወሩ የሚወጣው ሒሳብም አዲስ ትእዛዝ ሆኖ ከእናት መዝገቡ ጋር ይታሰራል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከውጭ ሲያዩት ተራ ይመስላል፤ እኔ ግን የሥራው ትልቁ የኪነት ቁጥብነት የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። የወሩ እድሳት ተራ ትእዛዝ በመሆኑ መደብሩ ለተራ ትእዛዝ ያዘጋጀው ሁሉ ያለ ተጨማሪ ድካም ይታዘዝለታል። ከመጋዘኑ ቆጠራ ሁለት ፓኬት ቡና ይቀነሳል፣ የሽያጭ ግብር ይሰላል፣ የፖስታው ወጪ ይደመራል፣ የማሸጊያው ወረቀት ይታተማል። የካርድ ክፍያ አስተናጋጁ ስትራይፕ በ2018 ያወጣው የክፍያ መጠየቂያ አገልግሎት ሒሳብ በማስላት ረገድ ከዚህ የረቀቀ ነው፤ ስለ ቡናው ጆንያ ግን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ደረሰኝ ነው። ሶፍትዌር በኪራይ ለሚያቀርብ ድርጅት ይህ በቂ ነው፤ ዕቃ ለሚልክ መደብር ግን ገንዘቡ መግባቱ የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው።

ከሰባቱ ሁኔታዎች መካከል «ሊሰረዝ የተቃረበ» የሚለው ልዩ አድናቆት ይገባዋል። ደንበኛው በወሩ አጋማሽ ቢሰርዝ ሶፍትዌሩ ወዲያው በሩን አይዘጋበትም። የከፈለበት ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ በዚህች የመሸጋገሪያ ሁኔታ ያቆየዋል፤ ቀኑ ሲደርስ ብቻ ወደ «የተሰረዘ» ያሻግረዋል። ብዙ ጀማሪ የክፍያ ሥርዓቶች ሁለት ሁኔታ ብቻ ያውቃሉ፣ አለ ወይም የለም። በዚህም ምክንያት ወይ የከፈለውን ሰው ይነጥቁታል ወይ ያልከፈለውን ይመግባሉ። የዚህ ሥራ ጸሐፊዎች ሰው ለመሄድ በወሰነበት ቀንና በሚሄድበት ቀን መካከል ርቀት እንዳለ ገብቷቸዋል።

ወደ ጊዜ አያያዙ ስንመጣ አድናቆታችን ጥቂት ይከፈላል። ጃንዋሪ 31 የተመዘገበ ደንበኛ በፌብሩዋሪ መቼ ይክፈል? ሥራው የተጻፈበት ፒኤችፒ የተባለ የኮድ ቋንቋ «አንድ ወር ጨምር» ሲባል በግርድፉ ወደ ማርች 3 ይወረውረዋል፤ የፌብሩዋሪ ክፍያ ይዘለላል ማለት ነው። ጸሐፊዎቹ ይህን አይተው የራሳቸውን የወር መደመሪያ ጽፈዋል፤ ደንበኛው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ይከፍላል። ለጊዜ ስሌት ካዘጋጁአቸው ረዳት ተግባራት አንዱን በባትማን ቅጽል «የጨለማው ፈረሰኛ» ብለው መሰየማቸው ከዚህ አሰልቺ ችግር ጋር ምን ያህል እንደታገሉ ይመሰክራል፤ በክፍያ ሶፍትዌር ኮድ ውስጥ ሳቅ ማግኘት ብርቅ ነውና እዚህ ላይ ላልፈው አልፈለግሁም።

ሆኖም መፍትሔው የማስታወስ ጉድለት አለበት። ስሌቱ የሚነሳው ከመጨረሻው የክፍያ ቀን እንጂ ደንበኛው መጀመሪያ ከመረጠው ቀን አይደለም። ስለዚህ ጃንዋሪ 30 የጀመረ ሰው በፌብሩዋሪ 28 ይከፍላል። ሶፍትዌሩ 28ን የወሩ መጨረሻ ሆኖ ስለሚያገኘው ቀጣዩን በማርች 30 ሳይሆን በማርች 31 ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው የወር መጨረሻ ከፋይ ሆኖ ይቀራል። ስትራይፕ የመጀመሪያውን ቀን መልሕቅ አድርጎ ስለሚይዝ ያው ሰው በማርች ወደ 30 ይመለሳል። የአንድ ቀን ልዩነት ነው፣ ማንንም አያከስርም። ነገር ግን ትክክለኛነቱ ላይ የቆመ ሥራ በዚህ ዓይነት ዝርዝር ይመዘናል፤ በዚህ ዝርዝር ስትራይፕ ይበልጣል።

(በዚህ አጋጣሚ፦ ሥራው የሚያውቀው ወር የፈረንጆቹን ብቻ ነው። በአገር ቤት በወር በገባ በአንድ ቀን ማስከፈል የሚፈልግ መደብር ቢኖር በሠላሳ ቀን ዙር ሊያስመስለው አይችልም፤ በተለመደው ማስተካከያ ዝርዝር ውስጥ ያለው ርቀት ከየቀኑ እስከ በየስድስት ቀኑ፣ ከየሳምንቱ እስከ በየስድስት ሳምንቱ እያለ የሚሄድ ነው። ቢችልም ጳጉሜን ታፈርስበታለች።)

አሁን ወደ ክፍያዋ ቅጽበት እንግባ። ቀኑ ሲደርስ ሶፍትዌሩ መጀመሪያ የሚያደርገው ንቁውን ደንበኝነት ማገድ ነው። ከዚያ የእድሳቱን ትእዛዝ ይፈጥራል፤ ካርዱን በሚያስተናግደው የክፍያ ጌትዌይ ዘንድ በተቀመጠው የካርድ ቶከን (ካርዱን በሚወክለው ምልክት) ገንዘቡን ይጠይቃል፤ ሲሳካ ደንበኝነቱን መልሶ ንቁ ያደርገዋል። ምንም ያላጠፋ ደንበኛ በየወሩ ለጥቂት ሰኮንዶች ተጠርጣሪ ይሆናል። ሲያዩት ጨካኝ ይመስላል፤ ከጀርባው ያለው አስተሳሰብ ግን የሚያስመሰግን ነው። ሥራው በመካከል ቢቋረጥ፣ ለምሳሌ ሰርቨሩ ቢወድቅ፣ የሚቀረው ያልተከፈለበት ታግዶ የቆየ መዝገብ ነው፤ ሳይከፈልበት ንቁ መስሎ ቡና የሚያስልክ መዝገብ አይደለም። ጸሐፊዎቹ ስሕተት እንደሚፈጠር አምነው፣ ሲፈጠር ወደ የትኛው ወገን እንዲያጋድል መርጠዋል። የዚህ ጥንቃቄ ዋጋ አልፎ አልፎ ያለ ጥፋቱ ታግዶ የሚገኝ ደንበኛ ነው፤ ነጋዴው ዝርዝሩን በየጊዜው መፈተሽ ይኖርበታል።

ጥንቃቄው በሰዓቱ ላይ አለመደገሙ ያሳዝናል። የቀጠሮ አስፈጻሚው ክፍል በራሱ ጥሩ ሥራ ነው። እያንዳንዱን ተግባር በወረፋ ያስቀምጣል፣ መቼ እንደተፈጸመና ለምን እንደከሸፈ ይመዘግባል። ከጥራቱ የተነሳ ዉኮሜርስ ራሱ ኋላ ወደ እምብርቱ አስገብቶታል። ችግሩ ከሥሩ ያለው የዎርድፕረስ ሰዓት ነው። ዎርድፕረስ በተፈጥሮው ጎብኚ ሲመጣ ብቻ ነው ቀጠሮውን የሚያየው። የሲልቨር ስፕሪንጉ መደብር ገጽ ሌሊት ማንም ካልከፈተው የሌሊቱ ክፍያ ጠዋት የመጀመሪያው እንግዳ እስኪመጣ ይተኛል። ጎብኚው ብዙ ለሆነ መደብር ይህ አይታወቅም፤ ጎብኚው ጥቂት ለሆነ ግን የሰዓታት መዘግየት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሰርቨሩ ራሱ በየደቂቃው ቀጠሮውን እንዲቀሰቅስ ማድረግ። ዕውቀት ያለው ቴክኒሻን በአጭር ጊዜ ይሠራዋል። ነገር ግን ይህ የነጋዴው ዓይን በሚያርፍበት የማስተካከያ ገጽ ላይ በግልጽ መነገር ነበረበት። የገንዘብ ሥራ የሚሠራ ሶፍትዌር ሰዓቱ የተውሶ መሆኑን ለባለቤቱ ሊነግረው ይገባል።

የመጀመሪያው ትዕይንት፣ ካርዱ እምቢ የሚልበት፣ ሥራው ከሁሉ በላይ የሚያበራበትም የሚደበዝዝበትም ስፍራ ነው። ካርዶች እምቢ የሚሉባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ሒሳቡ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ የካርዱ ዘመን አልፎ ሊሆን ይችላል፣ ካርዱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ባንኩ ያለ በቂ ምክንያት ሊጠራጠር ይችላል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ደንበኛው መሄድ ፈልጎ የሚሆኑ አይደሉም። እምቢታውን እንደ ስንብት የሚቆጥር ሶፍትዌር ያለ ጸብ ደንበኛ ያሳጣል። እዚህ ሥራው አምስት ሙከራዎችን በሰባት ቀን ውስጥ ይደለድላል፦ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ እንደገና ከ12 ሰዓት፣ ከዚያ ከ24፣ ከ48፣ በመጨረሻም ከ72 ሰዓት በኋላ። ርቀቱ እየሰፋ መሄዱ የታሰበበት ነው፤ የአንድ ሌሊት የባንክ ችግር በመጀመሪያው ይፈታል፣ ደመወዝ የሚጠብቅ ሰው በኋለኛው ይደርሳል። ከዚህም የረቀቀው የኢሜይሉ አወጣጥ ነው። የመጀመሪያው እምቢታ ሲመጣ ሶፍትዌሩ የሚነግረው ለባለሱቁ ብቻ ነው፤ ደንበኛውን አያስደነግጥም። ለደንበኛው መጻፍ የሚጀምረው ችግሩ ሲጸና ነው፤ ያኔም በየሙከራው አይጨቀጭቅም። በኮዱ ኅዳግ ላይ ደንበኛውን በመልእክት ላለማስመረር እንደታሰበ ተጽፎ ይገኛል። የትሕትና ቃና ያለው ትረካ ነው፤ መቼ መናገር፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል።

እንዲህ በጥበብ የተሠራውን ክፍል ግን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ደብቀውታል። ዳግም ሙከራው ሥራው ሲተከል ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ነጋዴው በማስተካከያው ገጽ ላይ ፈልጎ ሊያበራው ይገባል። ሳያበራው የቆየ ሰው በየወሩ ሊመለሱ ይችሉ የነበሩ ክፍያዎችን እየጣለ መሆኑን የሚነግረው የለም። የሙከራውን ርቀት ወይም ብዛት ለመለወጥ ደግሞ የሚነካ ገጽ የለም፤ ኮድ መጻፍ ግድ ነው። ባለሱቁ ደንበኞቹ አብዛኞቹ በወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ደመወዝ እንደሚቀበሉ ቢያውቅ እንኳ ይህን ዕውቀቱን ለሶፍትዌሩ የሚያካፍልበት አፍ አልተሰጠውም።

ከዚህ የከበደ ወቀሳ አለኝ። የዳግም ሙከራው ሕግ የሚያየው ስንተኛ ሙከራ እንደሆነ ነው እንጂ ለምን እምቢ እንደተባለ አይደለም። የእቁብ ጸሐፊ ዕጣውን ያልከፈለውን አባል ሁሉ በአንድ ዓይን አያይም፤ ገበያ የከዳውን ይታገሣል፣ ዕቃውን ሸክፎ የጠፋውን ግን ተያዡን ይጠራበታል። ይህ ሥራ ሒሳቡ ለጊዜው ያነሰበትንም ካርዱ መሰረቁን ያመለከተውንም በአንድ የጊዜ ሰሌዳ ያስተናግዳል። የካርድ ድርጅቶች ዳግም እንዳይሞከሩ የሚከለክሏቸው የእምቢታ ዓይነቶች ስላሉ ይህ የአገልግሎት ጉድለት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ስትራይፕ በዚህ ረገድ የእምቢታውን ዓይነትና ያከማቸውን የክፍያ ልምድ እየተመለከተ የሙከራውን ሰዓት የሚመርጥ ሥርዓት አለው። እዚህ ሥራው ወደ ኋላ ቀርቷል።

አምስተኛው ሙከራ ሲከሽፍስ? ምንም አይሆንም። ደንበኝነቱ ታግዶ ይቆያል፤ አይሰረዝም፣ አይነሳም። በትረካ ቋንቋ ግጭቱ ጡዘቱ ላይ ደርሶ እልባት ሳያገኝ መጋረጃው ይዘጋል። ሥራውን ለመከላከል አንድ ነገር ማለት ይቻላል፤ የሰውን ውል በራሱ ሥልጣን ከመቅደድ ለነጋዴው መተው ይሻላል። እስማማለሁ። ነገር ግን ውሳኔውን ለሰው የሚተው ሥራ ሰውየው መወሰን እንዳለበት ሊያስታውሰው ይገባል። ያለዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ባለሱቁ ዝርዝሩን ሲከፍት በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የማይታወቅ የታገዱ መዝገቦች ክምር ይጠብቀዋል፤ ስንት ደንበኛ አለህ ተብሎ ሲጠየቅም መልሱ ይምታታበታል።

ስለ ጥንቃቄ ከተነሳ ማንም የማያየውን አንድ ክፍል ሳላመሰግን አላልፍም። ድረ ገጽ የሚያድስ ባለሙያ የመደብሩን ግልባጭ አውጥቶ በሌላ አድራሻ ይሞክረዋል። ግልባጩ የደንበኞቹንም የካርድ ቶከን የክፍያውንም ቀጠሮ ይዞ ይሄዳል። የወሩ ቀን ሲደርስ እውነተኛው መደብርም ግልባጩም ያስከፍላሉ፤ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ይህን ለመከላከል ሶፍትዌሩ የመደብሩን አድራሻ በዳታቤዙ ውስጥ ያስቀምጣል፤ አድራሻው ተለውጦ ካገኘው በራሱ ማስከፈሉን ያቆማል። እስከዚህ ማንም ሊያስበው ይችላል። ነገር ግን ግልባጭ የሚያወጡ መሣሪያዎች በዳታቤዙ ያለውን የድሮ አድራሻ ሁሉ እየፈለጉ በአዲሱ ይተኩታል፤ ጠባቂውም አብሮ ይታለላል። ጸሐፊዎቹ ይህንንም ቀድመው አይተው በሚያስቀምጡት አድራሻ መካከል ባዕድ ምልክት ሰንቅረውበታል፤ ፈላጊው መሣሪያ አድራሻ መሆኑን ሳያውቀው ያልፈዋል። ስለዚህ ብልሃት በማስታወቂያ ገጽ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። የሙያ ብቃት የሚታየው ግን በእንዲህ ያለው ቦታ ነው።

በቋንቋው ላይ ረጅም ጊዜ አልቆይም። ለባለሱቁ የተጻፈው ቋንቋ ለራሳቸው ለጸሐፊዎቹ የተጻፈ ይመስላል። ደንበኛ ከአንድ ፓኬት ወደ ሁለት ፓኬት ሲቀይር የወሩ ቀሪ ሒሳብ እንዴት እንደሚካፈል ለመወሰን አምስት አማራጮች ይቀርባሉ፤ ለማንም አይካፈል፣ ወይም ወደ ላይ ለሚቀይሩ ብቻ አለዚያም ወደ ላይም ወደ ታችም ለሚቀይሩ ይካፈል፣ ይኸውም በየተራ ለማይጨበጡ ምርቶች ብቻ ወይም ለሁሉም ምርቶች እያሉ። የመመዝገቢያው ክፍያና የውሉ ርዝመት አከፋፈል ደግሞ የየራሳቸው ዝርዝር አላቸው። እያንዳንዱ አማራጭ ትክክል ነው፤ ተደምረው ግን አንድም የቁጥር ምሳሌ የሌለው ድርሳን ናቸው። አንድ መስመር ቢጨመር፣ «30 ዶላር የከፈለ ሰው በ10ኛው ቀን ወደ 60 ቢያድግ ዛሬ ይህን ያህል ይከፍላል» ቢል፣ ነገሩ ይፈታ ነበር። ለደንበኛው የሚላኩት ኢሜይሎች ከዚህ ይሻላሉ፣ አጭርና ጨዋ ናቸው። ክፍያው ከመወሰዱ በፊት አስቀድሞ የሚያሳውቅ መልእክት ግን ለረጅም ዓመታት አልነበራቸውም፤ የተጨመረው በቅርብ ዕትሞች ነው። ዘግይቶም ቢሆን መምጣቱ መልካም ነው።

ሁለተኛው ትዕይንት መውጫው ነው፤ እዚህ ሥራው አንገቱን ቀና ማድረግ ይችላል። ደንበኛው ወደ ራሱ ገጽ ገብቶ የሰርዝ ቁልፍ ያገኛል። ስልክ ደውሎ ማባበያ አይሰማም፣ በሥራ ሰዓት ብቻ የሚከፈት መስመር አይጠብቅም። ቁልፉ ሥራው ሲተከል ጀምሮ በቦታው ያለ ነው፤ ማጥፋት የሚፈልግ ነጋዴ ነው ኮድ መጻፍ ያለበት። ቀላሉን መንገድ ለደንበኛው፣ አስቸጋሪውን ለሚያግደው ሰው መስጠት ዓላማውን በመዋቅሩ የሚናገር ሥራ ምልክት ነው። ሕጉ በየአገሩ ወደዚህ እየመጣ ያለው ዘግይቶ ነው። ካሊፎርኒያ በኦንላይን የተመዘገበ ሰው በኦንላይን መሰረዝ እንዲችል ያስገደደችው ከጁላይ 2018 ጀምሮ ሲሆን፣ ጀርመን የስረዛ ቁልፍ በድረ ገጹ ላይ እንዲኖር ያዘዘችው ከጁላይ 2022 ወዲህ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በኦክቶበር 2024 ያወጣውን ተመሳሳይ ደንብ የይግባኝ ፍርድ ቤት በጁላይ 2025 ሽሮታል፤ ጉዳዩ ግን በዚያ የሚያበቃ አይመስልም። በዚህ ፕለጊን የሚሠራ መደብር ከእነዚህ ውጣ ውረዶች በፊት በትክክለኛው ወገን ነበር።

መውጫውን ያሳመረው ሥራ ከመውጣት መለስ ያለውን በር ግን ረስቶታል። ቡና የሚቀበል ደንበኛ ብዙ ጊዜ መሰረዝ አይፈልግም፤ በመደርደሪያው ላይ ሁለት ያልተከፈተ ፓኬት አለው፣ ወይም ለፋሲካ አገር ቤት ሄዷል፣ እና ይህን ወር ብቻ መዝለል ይፈልጋል። ለዚህ የሚሆን ቁልፍ በሥራው ውስጥ የለም። ማገድ አለ፤ ማገድ ግን ደንበኛው ራሱ ተመልሶ እንዲያስነሳው ይጠይቃል፣ ሰው ደግሞ ይረሳል። መዝለል ያጣ ደንበኛ ይሰርዛል። ሾፒፋይ በተባለው የኦንላይን ሱቅ አገልግሎት ላይ ለቆሙ መደብሮች የተሠራው ሪቻርጅ መዝለልን፣ ቀን ማዘግየትንና ጣዕም መቀያየርን የሥራው ልብ አድርጎ ነው የተነሳው። ዕቃ ለሚልክ መደብር ይህ ከማናቸውም የሒሳብ ረቂቅነት በላይ ያስፈልጋል። ለትእዛዝና ለጆንያ ይህን ያህል የተጨነቀ ሥራ ይህን አለማሰቡ እንቆቅልሽ ሆኖብኛል፤ ከሌሎች የሚገዙ ተጨማሪ ፕለጊኖች ክፍተቱን ይደፍናሉ፣ ግን ጉድለቱ የእናት ሥራው ነው።

ታዲያ ማን ይምረጠው? ዋጋው በዓመት ከ200 ዶላር በላይ ሲሆን ከሽያጩ ድርሻ አይወስድም፤ የዓመቱ ክፍያ ቢቋረጥ ማሻሻያና ድጋፍ ይቀራል እንጂ ሥራው አይቆምም። ስትራይፕ ከሚያልፈው ገንዘብ ከአንድ በመቶ በታች የሆነ ድርሻ ከካርዱ ክፍያ በላይ ይወስዳል፤ ለትንሽ መደብር ይህ ቀላል ነው፣ መደብሩ ሲያድግ ግን ልዩነቱ ይሰማል። የሲልቨር ስፕሪንጉ ቡና ሻጭ መደብሩ ቀድሞውኑ በዉኮሜርስ ላይ ከቆመ፣ መዝገቡ በገዛ ዳታቤዙ እንዲኖር ከፈለገ፣ እንዲሁም ሰዓቱን የሚያስተካክልለትና ዳግም ሙከራውን የሚያበራለት አንድ የታመነ ቴክኒሻን ካለው ይህን ሥራ ያለ ጭንቀት ይምረጥ። ቴክኒሻን ከሌለው አይምረጠው፤ ሾፒፋይና ሪቻርጅ ውድ ቢሆኑም ሌሊት ያስተኙታል። ዕቃ የማይልክ፣ ለምሳሌ የአማርኛ ትምህርት በኦንላይን በወር ክፍያ የሚሰጥ ሰው ከሆነ ደግሞ ለዚህ ሥራ ብሎ የዉኮሜርስ መደብር የሚያቆምበት ምክንያት አይታየኝም።

በአገር ቤት ላለ መደብር ፍርዱ ይለያል። ስትራይፕ በኢትዮጵያ ለሚገኝ ነጋዴ ሒሳብ አይከፍትም፤ በስትራይፕ ላይ የተመሠረቱት አማራጮች ሁሉ አብረው ይወድቃሉ። ይህ ሥራ ግን «በእጅ እድሳት» የሚለው ብዙ ያልተወራለት መንገድ አለው። ቀኑ ሲደርስ ገንዘቡን በራሱ አይወስድም፤ የእድሳቱን ትእዛዝ ፈጥሮ የክፍያ መጠየቂያ በኢሜይል ይልካል፣ ደንበኛው ከፍቶ በየትኛውም መንገድ ይከፍላል። ደንበኛው ክፍያውን በየጊዜው በምስጢር ቁጥሩ በሚያጸድቅበት የስልክ ገንዘብም ቢሆን መንገዱ ይሠራል፤ የመዝገቡ፣ የትእዛዙና የሁኔታዎቹ መዋቅር ሳይነካ ይቀራል። በኢሜይል ፋንታ አጭር የስልክ መልእክት ቢልክ ደግሞ ለአዲስ አበባ ደንበኛ ይበልጥ ይቀርበው ነበር፤ ያ በተጨማሪ ሥራ የሚሆን ነው።

አንድ ነገር ግን ከሶፍትዌሩ ምርጫ በፊት ይወሰን። የደንበኝነቱ ቀጠሮ የሚኖረው በፕለጊኑ ዘንድ ሲሆን ካርዱ የሚኖረው በጌትዌዩ ዘንድ ነው፤ ሁሉም ጌትዌይ ግን ይህን ድንበር አያከብርም። የድሮው የፔይፓል ስታንዳርድ ቀጠሮውን ራሱ ይይዛል፤ ዋጋ ሲጨመር ወይም ቀን ሲቀየር ፕለጊኑ ሊያዝዘው አይችልም፣ መደብሩ ወደ ሌላ ሶፍትዌር ሲዛወርም ደንበኞቹን አንድ በአንድ እንደገና ካርድ አስገቡ ብሎ መለመን ይኖርበታል። በስትራይፕ ቶከን የጀመረ መደብር ያው ቶከን በሌላ ሶፍትዌርም ያገለግለዋል። የሥራው መመሪያ የጌትዌዮቹን ችሎታ በሠንጠረዥ ያነጻጽራል፤ ነጋዴው ከማሳያው ገጽ በፊት ያንን ሠንጠረዥ ቢያነብ ጥሩ ነው።